ጠበል የገባችው ታናሽ

መርዶው የደረሰኝ ዐርብ ቀን ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። እኔ በምሠራበት የዐረብ አገር ዕረፍቱ ዐርብ ስለሆነ የምናስቀድሰውም በዚያ ቀን ነው። የማኅበራችን ትልቅ ሴት ክንዴን ይዘው «ነይ እስኪ፣ ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በይ» ሲሉኝ፣ ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የቀረውን ባልሰማው በወደድኩ።

«ታናሽ እህትሽ ዐርፋለች። አርባዋም ወጥቷል። እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

በቃ፣ ይኸው ነው።

ትንሽ እንዳመማት ራሷ ነግራኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጋ ስደውል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጠበል ገብታለች።» አገናኙኝ ስል «እዚያ ኔትወርክ የለም፤ ስትወጣ ራሷ ትደውልልሻለች» ትለኛለች። አመንኩ። የክርስትና ስሟን በወረቀት ጽፌ፣ ስለ ሕሙማን ሲጸለይ እንዲያስቧት ለካህኑ ሰጠሁ። እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ «ማራት፣ ፈውሳት» እያልኩ ስሰግድ ከረምኩ። ፍትሐት የሚገባትን ነፍስ ከሕያዋን ጋር ስጠራ። የንስሐ አባቴ «እግዚአብሔር ልብሽን ያያል» ይሉኛል። እኔ ግን አሁን ለጸሎት ስቆም ቃሉ አፌ ውስጥ ይደርቃል።

«ጠበል ገብታለች» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው ነበር፤ ከራሷ ከእህቴ አፍ።

እኔና እሷ ከገጠሩ ከቀየት መጥተን መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይተን ስንማር፣ አከራያችን ዲሽ ነበራቸው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እነሱ ሳሎን ገብተን፣ አንድ ባና ለሁለት ተከናንበን፣ በሶ በጥብጠን፣ በዐረብኛ የሚተላለፍ የጃፓን ተከታታይ ካርቱን እናያለን። አኒሜ እንደሚባል ያወቅኩት እዚህ ነው። ሁለት እህቶች የጠፋ አባታቸውን ፍለጋ ጉም በጉም የሆነ አገር ያቋርጣሉ። ዐረብኛ ማናችንም አናውቅም። እህቴ ግን ከራሷ እየፈጠረች ትተረጉምልን ነበር።

«አሁን ምን አለቻት?» ይላሉ አከራያችን።

«‹በሶው አልቋል፤ የጨረስሽው አንቺ ነሽ› አለቻት።»

«ዋሾ! ጃፓን ደግሞ በሶ አለ?»

«ገብስ የማይበላ ሰው አለ እንዴ፣ እትዬ?»

የካርቱኗ ታናሽ ሕመምተኛ ናት። ስንት ክፍል ሙሉ ትስላለች፣ ታላቋን ታበሽቃለች፣ ትከሳለች፣ አንድ ቀን ሻል ይላትና ትሮጣለች፣ መልሳ ትወድቃለች። አንድ ቅዳሜ ሠርክ ጸሎት ሄጄ አንዱ ክፍል አመለጠኝ። በማግስቱ ሳይ ታላቂቱ ብቻዋን ትሄዳለች።

«ትንሿስ?» አልኩ።

«ጠበል ገብታለች» አለችኝ እህቴ፣ ዐይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሣ። «ትመለሳለች።»

በነገር ሁሉ የሚያሾፉባት አከራያችን ያን ቀን «ዋሾ» አላሏትም። እኔም እስከ መጨረሻው ክፍል ጠበቅኩ።

መርዶውን በሰማሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ልብስ ስተኩስ፣ የአሠሪዬ ልጅ ያንኑ ታሪክ በሲኒማ ፊልም ተሠርቶ ታይ ነበር። ካውያውን አቁሜ አብሬያት አየሁ። አሁን ዐረብኛ እሰማለሁ። ሥዕሉ በጣም ያምራል፤ ጉሙ የእኛን አገር የክረምት ጉም ይመስላል። በተከታታዩ ጉሙ እንደ ተቀደደ ወረቀት ነበር፣ አንዱ ዛፍም እየተመላለሰ አሥር ጊዜ ያልፍ ነበር። በፊልሙ ግን ታናሺቱ የምትስለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ብርድ ልብሱ ፊቷ ላይ ተሳበ፣ ሙዚቃ መጣ፣ ታላቂቱ መንገዷን ቀጠለች። ንትርኩ የለም። የሮጠችበት ቀን የለም።

«ተከታታዩን አይተሽዋል?» አልኳት ልጅቱን።

«አዎ፣ እሱ ይረዝማል። ምንም የማይሆንበት ክፍል ይበዛዋል። ይኼ ይሻላል፣ ቶሎ መጨረሻው ላይ ይደርሳል።»

ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። እኔ ያጣሁት ግን ያንን ምንም የማይሆንበትን ነው።

ያመለጠኝን የድሮ ክፍል በስልኬ ፈልጌ አገኘሁት። ታላቂቱ በእጇ መቃብር ትቆፍራለች። ይህን ለመረዳት ዐረብኛ አያስፈልግም። እህቴ አይታዋለች፤ አይታ ነው ጠበል የላከቻት፣ እኔ እንዳላለቅስ። እናቴ ደግሞ መዋሸት አትችልበትም። ታዲያ ያንን ቃል ማን ሰጣት? ይህን ሳስብ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

እዚያ አገር ቤት፣ እህቴ ጋ የነበራችሁ፣ ያስታመማችኋት፣ ውሃ ያቀበላችኋት፣ የገነዛችኋት፣ እባካችሁ። እኔ የደረሰኝ አጭሩ ነው። ረጅሙን ላኩልኝ፣ መጻፍ ቢያስቸግራችሁ በድምፅ ቅዱልኝ። ሕመሙ ምን ነበር? ሻል ያላት ቀን ምን በላች? ማንን አበሸቀች? ሥጋ ወደሙን ተቀብላለች ወይ? ይህን እንኳ አትሸፍኑብኝ። «ጠበል ገብታለች በሏት» ብላ ያዘዘቻችሁ ራሷ ከሆነችም ንገሩኝ። ለእኔ ብላችሁ አታሳጥሩት፤ ዝም ብላ ተኝታ የዋለችበትን፣ ምንም ያልሆነበትን ቀን ጭምር ንገሩኝ።