ያልተዋጠለት አለ?

ልጅ ሳለሁ በትልቅ ሰው ፊት ቆሜ «አልተዋጠልኝም» ማለትን የተማርኩት ከማሽላ ማሳ ዳር፣ ከፍም አጠገብ ተቀምጬ ነው። ይህን የምጽፈው ትዝታ ስለናፈቀኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ቆቦ ውስጥ በማስተምርበት ሙአለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ ነበር። አንድ አባት ተነስተው፣ ሲቆጧት ልጃቸው የመለሰችላቸውን ከተናገሩ በኋላ፣ «ልጆቻችን አፍ አወጡ፤ ያስወጣቻቸውም ይህች መምህርት ናት» ብለው በጣታቸው ጠቆሙኝ። ከፊሉ ሰው አጨበጨበ። ርዕሰ መምህሩም ነገሩ እስኪጣራ ልጆቹን ስለ ስሜታቸው ማናገሩን እንዳቆም በጆሮዬ ነገሩኝ። አላቆምኩም፤ አላቆምምም። ለሰውየው ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ከመናገሬ በፊት ግን ወደ አያ ሰይድ ፍም ልመለስ።

ቤታችን ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነበር። ያኔ ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወፍ ጠባቂ ይሆናል። ግሪሳ አንድ ማሳ ላይ ከወረደ ለባለቤቱ የሚተውለት አገዳውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ ማማ ላይ ቆመን ወንጭፍ እናጮሃለን፣ ጣሳ እንደበድባለን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ እንጮሃለን። ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ስትገባ ወፉ ወደ ማደሪያው ይሄዳል፤ እኛም ከየማማችን ወርደን አያ ሰይድ ማሳ ዳር እንሰበሰባለን። እሳቸው የአምና አገዳ አንድደው፣ ነበልባሉ ሲበርድ የማሽላ እሸት ፍሙ ላይ እየጠበሱ ተረት ይነግሩናል። የእሸቱ ሽታ፣ ዓይን የሚያስለቅሰው የአገዳ ጭስ፣ ጥንቅሽ ስንልጥ ከንፈራችንን የሚቆርጠን ልጣጭ፣ ከሩቅ አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው የከባድ መኪና መብራት፤ ተረት ሲባል ዛሬም የሚመጣብኝ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ነው።

አያ ሰይድ ጎረቤታችን ነበሩ፤ እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን፣ ማሳችን ግን በአንድ ድንበር የሚዋሰን። በሰፈሩ የታወቁ አስታራቂ ነበሩ። የእኛ ቆላ የሚጠጣው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ገበሬው ተራ ገብቶ ወደየማሳው ይጠልፈዋል፤ ተራ የተዛነፈ ዕለት ደግሞ ዱላ ይማዘዛል። እንዲህ የተጣሉትን ግራር ስር አስቀምጠው ሲያስታርቁ አያ ሰይድ አንድ የማይለቁት ደንብ ነበራቸው። ማንም ሰው ለባላጋራው መልስ ከመስጠቱ በፊት የባላጋራውን ቃል እንዳለ ይመልሳል። «አንተ እንዲህ ብለሃል» ይላል። ያኛው «አዎ፣ ብያለሁ» ካላለ የራሱን መናገር አይፈቀድለትም፤ ቃል ያዛነፈ እንደገና ይመልሳል። አንዳንዱ ግትር የጠላቱን ቃል በአፉ ላለማንሳት እስከ ምሳ ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር።

ይህንኑ ደንብ ነው ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ያመጡት። ተረታቸውን ሆን ብለው አጣመው ይጨርሱታል። አንዱ ከነድምፃቸው ትዝ ይለኛል። ጅግራና ቆቅ ወንዝ ዳር በጉርብትና ይኖሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ጅግራ፣ በዕድሜ ትልቋ ስለሆነች፣ «እኔ ከላይ እሆናለሁ፤ አንቺ እንቁላሎችሽን ከታች አስቀምጪ» አለች። ቆቅ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ግን ትልቅ ተናግሯልና አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ጎርፉ መጣና እንቁላሎቿን ጠርጎ ወሰደ። የወንዙ ወፎች ሁሉ ተሰብስበው «አቤት ጨዋነት!» እያሉ ቆቅን አመሰገኗት። አያ ሰይድ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ፊታችንን ሳያዩ፣ «ያልተዋጠለት አለ?» ይላሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም እኩል እንጮህ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሞላ «ውሸት ነው!» ብሎ ይነሳል። አያ ሰይድ ግን ጩኸት አይሰማቸውም፤ እሸታቸውን ያገላብጣሉ። ቀስ በቀስ ገባን። ያልተዋጠለት ልጅ ይቆማል፣ «ዕድሜ ይስጥዎ» ይላል፣ የተነገረውን ሳያዛንፍ ይመልሳል፣ ከዚያ የት ላይ እንደተሰነቀረበት ይናገራል። ከባዱ ይህ የመጨረሻው ነበር። «ጉሮሮሽ ላይ ነው? ደረትሽ ላይ ነው? ወይስ ሆድሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ እንጃ ማለት አይቻልም። ንዴትም ሆነ ፍርሃት፣ ቅናትም ሆነ ኀዘን በስሙ ይጠራል። «ስሙን ካልጠራሽው በምን ይወጣልሻል፣ የኔ ልጅ?» ይሉኛል። ለቆቅ የቆምኩ ዕለት «ደረቴ ላይ ነው። አሳዘነችኝ፣ ደግሞም አናደደችኝ» አልኩ።

«ማን ናት ያናደደችሽ? ጅግራ?»

«አይደለችም። ቆቅ ናት።»

አያ ሰይድ እስኪያስላቸው ሳቁና «ወላሂ እኔንም!» አሉ።

በዚያው ዓመት ነገሩ ከተረት ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ትምህርት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አባቴ ጀንበር ስትጠልቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ወንጭፍ ሲጠግን፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ «ሞላ ነገ ትምህርት ቤት ይሂድ። እንይሽ ማሽላው እስኪታጨድ ማማው ላይ ትሁን» አለ። እስኪታጨድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አምና ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። ከአጨዳ በኋላ ስመለስ ክፍሉ ጥሎኝ ሄዶ ነበር፤ ሌሎቹ የሚያነቡትን እኔ አፌን እያንቀሳቀስኩ አስመስል ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻም ወደቅኩ። ዘንድሮም ከወደቅኩ በዚያው ቤት መቅረቴ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል። በሰፈራችን እንዲህ ቀስ በቀስ ከትምህርት የቀሩ ሴት ልጆችን ስም ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እናቴ መሬት መሬቱን አየች። እኔ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ሞላ ትምህርት ቤት ይሂድ፣ እንይሽ ማማው ላይ ትሁን ብለሃል።» «አዎ፣ ብያለሁ» እስኪለኝ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን ወንጭፉን ጥሎ አፈጠጠብኝ። ቢሆንም ቀጠልኩ። «አልተዋጠልኝም። ደረቴ ላይ ነው። ሞላ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ሳየው ቅናት ያቃጥለኛል። ማማው ላይ ብቻዬን ስሆን ደግሞ የረሳችሁኝ ይመስለኛል። ወፍ መጠበቅ አልጠላሁም፤ ብቻዬን መቅረቱን ነው የጠላሁት።»

አልመታኝም። ክንዴን ይዞ እየጎተተ ወደ አያ ሰይድ ፍም ወሰደኝ፤ ሞላም ከኋላ ከኋላችን ይሮጣል። አባቴ ገና ከሩቅ ጀመረ።

«አያ ሰይድ፣ ልጄን ምን አስተማሩብኝ? እምቢ አለችኝ እኮ!»

«ተቀመጥ እንጂ አዳነ። ምን አለችህ?»

«እምቢ አለችኝ እያልኩዎት!»

አያ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ። «ብለሻል?»

«አላልኩም» አልኩ። አባቴን በሰው ፊት ዋሾ ያደረግኩት መሰለኝ።

«እንግዲያው አልተመለሰም» አሉ አያ ሰይድ። «ደንቡን ታውቀዋለህ አዳነ፤ ግራር ስር አብረን ተቀምጠናል። ቃሏን መልስ።»

«ለልጅ?»

«ጎርፍ ለነጠቀህ ሰው መልሰህ የለም እንዴ? ለልጅህ ያቅትሃል?»

አባቴ ተቁነጠነጠ። «ወፍ መጠበቅ ሰለቸኝ ብላለች» አለ። እኔም «አላልኩም» አልኩ። አያ ሰይድ አንድ እሸት አነሱና አመዱን አራግፈው ለአባቴ ሰጡት። አባቴ እሸቱን በእጁ ይዞ ሳይበላ ፍሙን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ፣ ለእኛ ሳይሆን ለፍሙ የሚነግር ይመስል፣ «ወንድሜ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ቅናት ያቃጥለኛል ብላለች» አለ። እሸቱን በእጁ አገላበጠ። «ማማው ላይ ብቻዬን ስሆን የረሳችሁኝ ይመስለኛል ብላለች።» ይህን ሲል ድምፁ የራሱ አልነበረም። ደጃፉ ላይ ስነግረው ጆሮው ላይ የቀረው እምቢታ ብቻ ነበር፤ ቃሌን በራሱ አፍ ሲለው ግን ሰማኝ።

«አዎ፣ ብያለሁ» አልኩ።

«ያንተስ የት ላይ ነው?» አሉት አያ ሰይድ።

አባቴን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የነበረ አይመስለኝም። «ሆዴ ላይ ነው አያ ሰይድ» አለ። «ፈርቻለሁ። እንደ አምናው ወፍ ከጨረሰው እነዚህን ምን አበላቸዋለሁ?» አባቴ መፍራቱን ሲናገር ያኔ ነው የሰማሁት። ተራው የእኔ ነበርና ቃሉን መለስኩለት፤ እሱም አንገቱን ነቅንቆ «አዎ» አለኝ። ያን ምሽት ካየሁት ሁሉ ከልቤ ያልወጣው ያ አንገት መነቅነቅ ነው።

መላውን ያመጣው ሞላ ነው። «ትምህርት ቤቱ የከሰዓት ፈረቃም አለው። እኔ ጠዋት ልማር፣ እሷ ከሰዓት ትማር» አለ። ካፉ ካመለጠው በኋላ የቀኑን ግማሽ ማማ ላይ የሚቆመው እሱ መሆኑ ሲገባው ፊቱን አጨማደደ። አባቴ እሺ አላለም። ልብሱን አራግፎ ተነሳና ወደ ቤት ሄደ፤ ለሰሞኑም በቀጥታ አላናገረኝም። በማግስቱ ግን ራሱ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ የከሰዓት ፈረቃ አስገባኝ። ያ ዓመት አላመለጠኝም፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም።

አያ ሰይድ ካለፉ ቆይተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። እኔም መምህርት ሆኜ ፍም በሌለበት፣ የሲሚንቶ ወለል ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ፣ የእሳቸውን ተረቶች አጣምሜ እጨርሳለሁ። ልጆቼ ይቆማሉ፣ ይመርቁኛል፣ ቃሌን ይመልሳሉ፣ የት ላይ እንደተሰነቀረባቸው ያሳዩኛል። እነዚህ ልጆች እኛ በእነሱ ዕድሜ ያልሰማነውን የጦርነት ድምፅ ሰምተዋል። አስፋልቱ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ጠረጴዛ ስር የሚገባ ልጅ አለኝ። ወር ሙሉ ለምን እንደሚገባ አልተናገረም ነበር፤ አንድ ቀን «ሆዴ ላይ ነው መምህርት፣ ፍርሃት ነው» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሲሰማ ጠረጴዛ ስር ሳይሆን እኔ ጋ ይመጣል። ዝም ያለውን ልጅ ጨዋ የምንለው ለእኛ ስለሚቀለን ነው እንጂ እሱስ ምን ተጠቅሞ ነው? ቆቅ በጨዋነቷ ተመሰገነች፤ እንቁላሎቿ ግን የሉም።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት እኔም ቆምኩ። ወደ ከሰሱኝ አባት ዞሬ «ዕድሜ ይስጥዎ» አልኩ። «ልጅዎን ሲቆጧት ‹አባዬ፣ ስትጮህብኝ ሆዴ ላይ ፍርሃት ይሰማኛል› አለችዎት። እኔ ያስተማርኳት መሆኑን ሰሙ። ልጆቻችንን አፍ አስወጣችብን ብለዋል። አዛነፍኩ?»

ሰውየው ሳያስቡት «አይ፣ ልክ ነው፤ ብያለሁ» አሉ።

«እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ልጅዎ አልጮኸችብዎትም፣ አልሰደበችዎትም። የት እንዳመማት ነው የነገረችዎት። ቃሏን መለሱላት?»

ሰውየው ተቀመጡ፤ ርዕሰ መምህሩም ስብሰባውን በችኮላ ዘጉት። ይጣራ የተባለው ይጣራ፤ እኔ የማጣራው የለኝም።

ሰኞ ጠዋት የሰውየው ልጅ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ጎንበስ እንድልላት ቀሚሴን ጎተተችና በጆሮዬ «መምህርት፣ አባዬ ቃሌን መለሰልኝ፤ ግን አዛነፈው» አለችኝ።

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«ዕድሜ ይስጥህ፣ እንደገና መልሰው አልኩት።»