አንድ ጠመንጃ ለሁሉ አውሬ

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ስለ ጥይት እንደኔ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ተቀምጬ ከስልኬ ነው የተማርኩት። የአረሩን ውፍረት፣ የቀለሁን ርዝመት፣ ስንት ሜትር ሄዶ ስንት ጣት እንደሚወርድ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሚስቴ «የልጆችህን ልደት ግን ትስታለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ቆላ ወርዶ በቆሎ የሚያርሰውን ወንድሟን ከርከሮ አላስቀምጥ ሲለው የደወለው ለኔ ነው። ጠመንጃ ሊገዛ ነው፤ አንድ ብቻ። ለከርከሮም፣ ጥጃ ለሚነጥቅ ነብርም፣ ከመጣ ለጎሽም የሚሆን።

«ጎሽ ዛሬ የት አለ? ቢኖርስ ማን ፈቅዶልህ?» አልኩት።

«አንተ ዝም ብለህ ምረጥልኝ።»

ቀበሌው ከርከሮ እንዲገደል በፈቀደበት ሳምንት የራሴን ምንሽር አንግቼ ወረድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሁለት ጥይት መዳፌ ላይ አስተኛሁ፤ አጭሩ የክላሽ፣ ረጅሙ የምንሽር።

«ይቺ ለከርከሮ ትበቃለች፤ ለጎሽ ግን መርፌ ናት። ይሄኛው ለሁሉም ይሆናል። ትልቁ የትንሹን ሥራ ይሠራል፤ ትንሹ የትልቁን አይችልም።»

ጎረቤቱ፣ ድሮ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ፣ «ሥጋውን አያበላሸውም?» አሉ።

«ጋሼ፣ ከርከሮ እርስዎም አይበሉ፣ እኔም አልበላ። ለማን ብዬ ልሰስት?»

ሳቁ። «እሱስ ልክ ነህ፣ የደጋው ሰው።»

ሲስቁልኝ ጊዜ ጨመርኩበት። «ሁለት ከርከሮ በስቶ ዛፍ ውስጥ ይገባል እኮ።»

በማግስቱ ጠዋት በቆሎውን ከበብነው። እኔ ከታች መውጫው ላይ ቆምኩ፤ አማቼ፣ ሽማግሌውና ሦስት ጎረቤቶች ከላይ እየጮሁ ይነዳሉ። ነጂ አፉን አይዘጋም። በቆሎ ውስጥ ሰው አይታይም፤ ተኳሽ ነጂው የት እንዳለ የሚያውቀው በድምፁ ብቻ ነው። ሽማግሌው ቆርቆሮ ይመታሉ፤ ጎረቤቶቹ ያፏጫሉ፤ አማቼ መሐል ለመሐል የከርከሮውን ዘር ማንዘር በአገውኛ እየሰደበ ይመጣል። አቀባበልኩና ጠበቅሁ።

አገዳው ይነቃነቅ ጀመር። ያኔ ስድቡ ቆመ።

ጆሮዬን አቀናሁ። ቆርቆሮው በግራ አለ። ፉጨቱ በቀኝ አለ። መሐሉ ጭር ብሏል።

ከርከሮው ወጣ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ጥጃ የሚያክል፣ ጥርሱ ጭቃ የለበሰ፤ ደረቱን ሰጥቶኝ ቆመ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ኢላማ አላገኘሁም። ጣቴ ምላጩ ላይ ነው። ከኋላው ግን በቆሎ ነው፣ በቆሎው ውስጥ ደግሞ የሚስቴ ወንድም አለ፤ የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ወደ ጎን ሄዷል። ምናልባት ሽንቱን እየሸና ነው። ምናልባት ደግሞ ቀጥታ ከአውሬው ጀርባ ነው። ይሄ ጥይት ሥጋ አያቆመውም፤ ትናንት በገዛ አፌ ነግሬያቸዋለሁ።

«አማቼ! የት ነህ?»

መልስ የለም። ከርከሮው ግን መለሰልኝ፤ በቀጥታ መጣ። ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አንስቼ ወደ ጎን ዘለልኩ። በጥርሱ ሱሪዬን ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ቀዶልኝ ከበታቼ ያለውን ወንዝ ተሻገረ።

አገዳውን እየሰበርኩ ሮጥኩ። አማቼ አዋልድጌሳ የሚሉት ምስጥ በል አውሬ በቆፈረው ጉድጓድ ገብቶ፣ ደረቱን ጠርዙ መትቶት፣ አፉን ከፍቶ ትንፋሽ ይፈልጋል። ጭንቅላቱ ብቻ ከመሬት በላይ ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ጎትተን አወጣነው። ትንፋሹ ሲመለስ መጀመሪያ ያለው «ሞተ?» ነው።

«አልተኮስኩም።»

«ከእንጅባራ ድረስ የመጣኸው ሱሪ ልታስቀድድ ነው?»

ጎረቤቶቹ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም። እኔ የቆምኩበት ድረስ ወረዱ፤ ዱላቸውን ከኔ ዱካ ወደ ከርከሮው ዱካ ቀሰሩና እንደቀሰሩ ሽቅብ መጡ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። ዱላቸው ከጥይቱ መንገድ ዝንፍ አላለም።

አማቼ ዱላውን አየ፣ ጉድጓዱን አየ። ቁጭ አለ።

«ለእህቴ እንዳትነግራት።»

«አልነግራትም።»

ቆይቶ፣ «ታዲያ የቱን ልግዛ?» አለኝ።

በጥይት ጉዳይ መልስ ዘግይቶብኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን መጀመሪያ የጎረሰውን ጥይት ከምንሽሬ አወጣሁ። «ምንሽሩን ግዛ» አልኩት በመጨረሻ። «ግን ከርከሮው በሰው እየተነዳ እንዳትተኩስ። ከፍ ያለ ማማ ሥራና ከላይ ወደ ታች ተኩስ፤ በስቶ ያለፈውን ጥይት አፈር ይዋጠው።»

«ማማውን የምትሠራው አንተ ነህ።»

አልተከራከርኩም። የተቀደደ ሱሪዬን በገመድ አስሬ ሁለት ቀን እንጨት ቆረጥኩ። አራቱን ቋሚ ስተክል አማቼ ደረቱን ይዞ ተቀምጦ፣ «ጥልቅ አድርገህ ቆፍር» ይለኛል፤ እኔም እቆፍራለሁ። ቀልድ ከአፌ የወጣው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም አላሳቀም።