ያልፈረምኩበት ግድግዳ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የዩኒቨርሲቲውን አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ዘመናዊ መማሪያ ክፍል እናድርገው ሲባል፣ የግንበኞች አለቃ ሆኜ የተቀጠርኩት እኔ ነበርኩ። ግንብ ሳነሳና ሳፈርስ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ፊደል የቆጠርኩት ግን አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በሰጡኝ ወረቀት ሁሉ ላይ አውራ ጣቴን እያተምኩ እሄድ ነበር። ምን ላይ እንዳተምኩ ዛሬም አላውቅም፤ የነገረኝም የለም።

ሐሳቡ ሁለቱን ጠባብ ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳ አፍርሶ አንድ ሰፊ ክፍል ማውጣት ነበር። መሰላል አቁሜ ኮርኒሱን ገልጬ አየሁ። የጣሪያው ትልልቅ አግዳሚዎች ከግራም ከቀኝም መጥተው የተኙት እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ወርጄ ለተቋራጩ መሃንዲስ ነገርኩት። የልጄ እኩያ ነው።

«አባባ፣ ፕላኑ ላይ መለያ ግድግዳ ነው የሚለው፤ ጣሪያ አይሸከምም» አለኝ።

«ፕላኑን የሣለው ሰው መሰላል ወጥቷል?»

ፕላኑን ጠቅልሎ ሄደ። በማግስቱ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ለፋይል ነው፤ እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ።»

መነጽሬን አውጥቼ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው። እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ አነባለሁ። ግድግዳው ሲፈርስ ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ኃላፊው የግንበኞች አለቃ ነው ይላል። ከሥሬ ስምንት ሠራተኞች አሉ። ጣሪያው ቢወርድ የሚወርደው በእነሱ ላይ ነው፤ የምታሰረው ደግሞ እኔ።

«አልፈርምም» አልኩት።

«እንግዲያው የሚፈርም እናመጣለን።»

አመጡም። ከጅጋ ያስመጡት ግንበኛ የድሮ ባልንጀራዬ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ፊደል ግን አይለይም። አውራ ጣቱን ቀለም ቀብተውት ሳለ ደረስኩ። ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስቼ ጮክ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። መሃንዲሱ «ይሄ እርስዎን አይመለከትም!» ይላል፤ እኔ አላቆምኩም።

ባልንጀራዬ ጣቱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«አንተ ደግሞ መቼ ነው የቀሰስከው?»

«በስተርጅና።»

«የግቢ መግቢያ ፈቃድ ነው ብለውኝ እኮ ነው! ኧረ እናንተ ሰዎች!» ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ወጣ።

የሚፈርም ሲጠፋ ነገሩ ከዩኒቨርሲቲው ተቆጣጣሪ ዘንድ ደረሰ። እሱ መሰላል ወጣ። ሲወርድ ፊቱ ተለውጦ ነበር። መጀመሪያ የብረት ምሰሶ መሃል ላይ ይቁም፣ ከዚያ በኋላ ይፈርሳል ብሎ አዘዘ።

እኔን በሳምንቱ «ሥራ አውኳል» ብለው አሰናበቱኝ። ደብዳቤውን እንኳን አንብቤ ነው የተቀበልኩት። ስምንቱ ግን ግድግዳውን አፍርሰው፣ ወለሉን ለስነው በጤና ወጡ። አሁን ክፍሉ ነጭ ሰሌዳም፣ ፕሮጀክተርም አለው አሉ። መምህራኑ ምሰሶው ተማሪውን ይከልላል እያሉ ያማርራሉ።

ይከልላ።