ለቀንድ አውጣ የተገዛ አልኮል

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ልጄ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታችን አንዲት ብልቃጥ ይዛ መጣች። ውስጧ አውራ ጣት የምታህል፣ ዛጎል የሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ ነበረች። መምህሯ ከጅቡቲ ያመጣት ናት። ልጄ መልኳን ገልጻ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነች መድባ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሁለት ቀን ቀርቷታል።

መምህሯን ልታገኝ ኮምቦልቻ በወረደችበት ቀን ክፍሉን ሳጸዳ ብልቃጧን ከፈትኳት። አረቄ አረቄ ሸተተኝ። የምሰግድበት ክፍል ነው። ፈሳሹን ሽንት ቤት ደፋሁት። ቀንድ አውጣዋን ነጭ ሳህን ላይ አጠብኳት፤ የባሕር ልጅ ናትና ጨው ውሃ ሞልቼ መለስኳት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ልጄ አመሻሽ ላይ ገብታ ብልቃጧን አሸተተች።

«እማየ፣ አልኮሉስ?»

«ደፋሁት።»

«ትበሰብሳለች እኮ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

አልጮኸችም፤ ተቀመጠች። የከበደኝ እሱ ነው። ላጽናናት ብዬ፣ «ሳጥባት ግን ታምር ነበር። ቀንዶቿ ሹሩባ የተሠሩ ይመስላሉ» አልኳት።

«ልሙጥ ናቸው እማየ። ልሙጥ ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ያንቺን ጸጉር ስጎነጉን ኖሬ ሹሩባ ይጠፋኛል?»

አጉሊ መነጽሯን አመጣች። ቀንዶቿን አንድ በአንድ አየች።

«ድርብርብ ናቸው» አለች በመጨረሻ። «ወገኗን ስቻለሁ።»

ለካ ባለ ሹሩባዎቹና ልሙጦቹ ዘመድ አይደሉም። ሁለት ገጽ ሰርዛ እንደገና መጻፍ ጀመረች። ብልቃጧን ፍሪጅ ውስጥ አኖርናት፤ እስኪነጋ ብትቆይ ነው፣ ከዚያ በኋላ አልኮል የግድ ነው አለችኝ። አልኮል መግዛት ይፈቀድልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ለሰፈራችን ሸህ ደወልኩ።

«ማን ሊጠጣው ነው?» አሉኝ።

«የሚጠጣው የለም። ቀንድ አውጣ ልትነከርበት ነው።»

«በሕይወት አለች?»

«ሞታለች።»

«እንግዲያው ሶላትም የለባት፣ ወንጀልም የለባት። የምትሰግጂበት ክፍል ብቻ አታስቀምጫት።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ፣ ፋርማሲው እስኪከፈት ደጁ ላይ ቆምኩ። አልኮል ስጠኝ ስለው ሻጩ ሂጃቤን አየት አደረገና፣ «ለቁስል ነው እናቴ?» አለኝ።

«ለቀንድ አውጣ» አልኩት።

አንድ ጠርሙስ አቀበለኝ። ስመለስ ዝናቡ ያዘኝ። ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ ቤቴ ድረስ በስብሼ ሄድኩ፤ ጠርሙሱን የደበቅኩት እሱ ውስጥ ነበር።