ዶሬሚ እና ዐሥራ አራቱ ቫዮሊኖች

የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች «ዶሬሚ» ይሏታል፤ እውነተኛ ስሟ ዳይሬክተሯን እንኳ አንዳንዴ ይጠፋታል። ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱን የምታዘፍንበት አሮጌ ፒያኖ ሦስት ቁልፎቹ ዲዳ ናቸው። ዶሬሚ ግን ምን ቸገራት! ጣቷ ዲዳው ቁልፍ ላይ ሲያርፍ የጎደለውን ድምፅ በአፏ ትሞላዋለች። «ታም!» ትላለች። ልጆቹም ዘፈኑ እንዲህ ይመስላቸውና አብረዋት «ታም!» ይላሉ።

ማንም የማያውቀው አንድ ምስጢር ነበራት። በልጅነቷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፒያኖ ተምራ፣ በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ሄዳ ነበር። ስሟ ሲጠራ ፈራችና የኖታ ወረቀቷን ታቅፋ በመጣችበት እግሯ ተመለሰች። ለቤተሰቦቿ «ወደቅሁ» አለቻቸው። ለባሏ ለቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ ይህንንም አልነገረችውም።

ጊዜው ደረሰና ተራው የልጇ ሆነ። ልጅቷ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ቫዮሊን ከአገጯ ሥር አልወጣም። ለፈተና የምታቀርበውን ሙዚቃ ስምንት ወር ስትደጋግመው አባትዬው እንኳ በሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን ያንኑ ያፏጭ ጀመር።

በፈተናው ጠዋት እናትና ልጅ በዚያው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ወረፋ ይዘው ሳለ ጸሐፊዋ ብቅ አለች። «አጃቢዋ ፒያኒስት ደረጃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰብሯል። ሌላ ሰው አላገኘንም፤ ሁላችሁም ያለ ፒያኖ ትፈተናላችሁ።»

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። «እማ፣ አለቀልኝ! ይሄ ሙዚቃ እኮ ግማሹ ፒያኖው ነው!»

«እኔ እጫወትልሻለሁ።»

«እማ፣ የሕፃናት መዝሙር እኮ አይደለም!»

«ኖታሽ ላይ ቀለም የነካው የሕፃን ጣት አሻራ ከየት የመጣ መሰለሽ? ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ደብቄ እየወሰድኩ፣ ልጆቹ ሲሄዱ ስጫወተው ከርሜያለሁ።»

ልጅቷ ኖታዋን አገላብጣ የጣቱን አሻራ ፈለገች። ወዲያው ስሟ ተጠራ።

በሩ ያው የዱሮው በር ነው። ዶሬሚ ዛሬም ወደ መውጫው ዞር አለች፤ ግን ልጇ እጇን ለቀም አድርጋ ይዛ አስገባቻት። ሦስት ፈታኞች ተደርድረዋል። ፒያኖው ትልቅ፣ ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ነው። ጀመሩ። ሙዚቃው እንደ ውሃ ይፈስ ጀመር። ሊጋጋል ሲል የዶሬሚ ጣት ያንን የለመደችውን ቦታ ነካ።

«ታም!» አለች፣ ጮክ ብላ።

ትንሽ ቆይታ ደገመችው። በሦስተኛው «ታም!» አንደኛዋ ፈታኝ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። ልጅቷ ሳቋን ውጣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ተጫወተች፤ ፍርሃቷ ብን ብሎ ጠፍቶ፣ እንደዚያ ቀን አሳምራ ተጫውታ አታውቅም።

ሲጨርሱ የፈታኞቹ ሰብሳቢ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «እናት፣ እየዘፈኑ ነበር እንዴ?»

«ይቅርታ ጌታዬ፤ የኛ ፒያኖ እዚያ ጋ ድምፅ የለውም። ለምዶብኝ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢው ግን «ልጅዎ ትውጣ፤ እርስዎ ይቆዩ» አላት። ዶሬሚ «በቃ፣ ልጄን ገደልኳት» ብላ ደረቀች። ሰውዬው አንድ ኖታ አምጥቶ ፊቷ ዘረጋ።

«ይሄን ያውቁታል?»

«ኧረ አይቼውም አላውቅ።»

«በጣም ጥሩ። ይጫወቱት።»

ተጫወተችው። ፈታኞቹ ተያዩ። «ውጭ ዐሥራ ሦስት ቫዮሊኖች ቀርተዋል» አለ ሰብሳቢው፤ «አደራዎን፣ እንዳይሄዱብን!»

ያን ቀን ያየችው ተአምር ነው። አንዱ ተፈታኝ ሲጫወት ነብር እንደሚያባርረው ሰው ይፈተለካል፤ ዶሬሚም ከኋላው ትሮጣለች። አንዷ ገጽ ዘላ ሄደች፤ እሷም አብራት ዘለለች። አንዱ ጭራሽ ጠፍቶበት ሲደናገር፣ መንገዱን እስኪያገኝ ዜማውን ራሷ ተጫወተችለት። ልጇ ተመልሳ ገብታ፣ አጠገቧ ቆማ ኖታ ትገልጣለች፤ በየመሀሉ ጸሐፊዋ ዳቦ ታጎርሳታለች። ዐሥራ አራተኛው ሲወጣ፣ ጣቶቿ የራሷ መሆናቸው አጠራጠራት። ጸሐፊዋ ስሟን ስትጠይቃትም ከድካሟ የተነሣ «ዶሬሚ» ብቻ ብላት ወጣች።

በሳምንቱ ውጤት ተለጠፈ። የልጅቷ ስም ሁለተኛ ነበር። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «የዶሬሚን ስልክ የሚያውቅ ሰው በአስቸኳይ ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቅ፤ ለሥራ ትፈለጋለች» ይላል።

ለባሏ ስትነግረው ያንን የዱሮውን በርም አልደበቀችውም። የቧንቧ መፍቻውን አስቀምጦ ሰማት። «እና ይህን ሁሉ ዘመን ለብቻሽ ተሸክመሽው?» አለ። ቀጥሎ ብድግ አደረጋትና ወጥ ቤቱን አዞራት፤ ሁለት ብርጭቆ ተሰበረ።

ከአራት ዓመት በኋላ ልጅቷ ስትመረቅ፣ የትምህርት ቤቱ አጃቢ ፒያኒስት የሆነችው ዶሬሚና ልጇ አብረው መድረክ ወጡ። በወሩ የከተማው ኦርኬስትራ ልጅቷን ይቀጥራታል፤ ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የሙዚቃው የመጀመሪያ ክፍል እንዳለቀ አዳራሹ እንደ ደንቡ ጸጥ ሲል፣ ቧንቧ ሠራተኛው ብቻውን ተነሥቶ ያጨበጭብ ጀመር።

«ገና ነው እኮ፣ አላለቀም!» አሉት ከጎኑ የተቀመጡ ሴትዮ።

«አውቃለሁ እትዬ! ግን እስኪያልቅ ማን ይችላል?»

ሴትዮዋ አዩት፣ አዩትና ተነሥተው ያጨበጭቡ ጀመር። አዳራሹም ተከተላቸው። ሁለተኛው ክፍል ቀስ ያለ፣ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ነበር። እናትና ልጅ ግን ሳቃቸው አልቆም ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ አቋረጡት።