ባሕሩና የአዴ ኢቢሴ ቆርቆሮ

ባለቤቴ ሞሲሳ ነቀምቴ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምር ባሕር አይቶ አያውቅም። ይህን ስናገር እያማሁት አይደለም፤ ራሱ ነው በየዓመቱ ለተማሪዎቹ የሚናገረው። ሰሌዳው ላይ የሕንድ ውቅያኖስን ይስልና ማዕበሉን በእጁ እያሳየ፣ «እኔም እንደናንተ በመጽሐፍ ነው የማውቀው» ይላቸዋል። ቤት ሲገባ ደግሞ ተማሪዋ እኔ ነኝ። ሐይቅና ባሕር በምን እንደሚለዩ፣ ውሃው ለምን ጨዋማ እንደሆነ፣ ለምን ከዳርቻው እየሸሸ እንደሚመለስ፣ እኔ አስካለ፣ አንገር ጉቲን ቆላ ላይ ከወሎ በሰፈራ ከመጣ ገበሬ የተወለድኩ ሴት፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ በቃሌ አጥንቼዋለሁ።

ሃሳቡ ያረጀ ነው። አራት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይወስዳል፣ በአውቶቡስ በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ይገባል፣ ቀስ እያለ ሞምባሳ ይደርሳል፣ ባሕሩ ዳር አንድ ወር ይኖራል። መኖር ነው የሚለው እንጂ መጎብኘት አይደለም። «ሰው አገር ሄዶ ፎቶ ተነስቶ ከተመለሰ ምኑን ሄደ አስኩ» ይለኛል። የሚጽፍበት ደብተር ነበረው። ሠራተኛ በሚበላበት ቤት መብላት፣ አንድ ሰፈር ሳይለምዱ ወደ ሌላው አለመሄድ፣ ቢያንስ ሰላምታና ምስጋናውን በአገሬው ቋንቋ መማር፣ የመሳሰለው ሁሉ ተጽፏል። ስዋሂሊውን ከስልኩ ሲያጠና ዓመት ሙሉ ባልገባኝ ሰላምታ አደነቆረኝ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ ነበረችው፤ ጭኑ ላይ የማይቀመጥ ሻንጣ አይዝም። ይህችን ሕግ ልብ በሉልኝ።

እኛ አገር ሰው ወደ ውጭ የሚወጣው ለሦስት ነገር ነው፤ ለስልጠና፣ ለሕክምና፣ ወይም ላይመለስ። ርእሰ መምህሩ የፈቃድ ማመልከቻውን አገላብጦ አነበበና «ስልጠናው የምን ነው?» አለው። ስልጠና አይደለም ሲለው ፊቱ ተለዋወጠ። «ታዲያ ምንህን ነው ያመመህ?» ብሎ ወንበሩን ወደሱ ሳበ። መሥሪያ ቤቴ ያሉ ሴቶች ደግሞ እኔን ጥግ ይዘው፣ ተጣልታችሁ ነው ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ኧረ ዝም ብሎ አገር ሊያይ ነው፣ አይቶ ይመለሳል ብላቸው ጭራሽ አዘኑልኝ።

ይህም ባልከፋ። ሞሲሳ ግን አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብድግ ብሎ ስለ ጉዞው ጸሎት ጠየቀ። በቃ፣ እዚያው አለቀ። እዚህ ጸሎት የተደረገለት መንገደኛ የሁሉም መንገደኛ ነው። የሰው ልጅ ወዳለበት አገር የሚሄድ ሰው ለዚያ ልጅ የሚላክለትን ሳይዝ አይሄድም፤ ልያዝ አልያዝ የሚባል ነገር የለም። ሰኞ ጠዋት በራችን መንኳኳት ጀመረ። አንዷ ለወንድሟ በርበሬ፣ አንዱ ለእህቱ ልጅ ቅቤ፣ ሌላው ለአጎቱ ጋቢ። «እንቢ በላቸው» እለዋለሁ። «እንዴት ብዬ?» ይለኛል። ለእኔ ሲሆን እንቢታውን ያውቅበታል፤ ለጎረቤት ሲሆን ነው ቃሉ የሚጠፋው። ሻንጣው ሁለት ሆነ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሦስት። ጭኑ ላይ ነው አሉ የሚቀመጠው።

በመጨረሻ አዴ ኢቢሴ መጡ። አዴ ኢቢሴ፣ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው፣ እዚሁ ጨለለቂ ሰፈር ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ቆሎ ቆልተው ይሸጣሉ፤ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ጋሩማ። ጋሩማ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደ ናይሮቢ ሲወጣ የሸኘው መላው ሰፈር ነው። ተጸለየለት፣ ተመረቀ፣ መናኸሪያ ድረስ በሰው ታጅቦ ሄደ። ከደወለ ግን አራት ዓመት አልፎታል። አዴ በሁለት እጃቸው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። ውስጡ ጩኮ ነው፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ፣ ወራት ቢቆይ የማይበላሽ።

«ማሎ በርሲሳ፣ ለጋሩማ» አሉት። እባክህ መምህር ማለታቸው ነው።

«አዴ፣ አድራሻው የት ነው?» አልኳቸው እኔ።

«ናይሮቢ ነዋ፣ ልጄ።»

«ናይሮቢ ጨለለቂ መሰለዎት እንዴ? ስልኩ አይሠራ፣ ሰፈሩ አይታወቅ። የት ብሎ ያገኘዋል?»

አዴ ኢቢሴ የሚያዩት ሞሲሳን ነበር። እሱ ደግሞ እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ ቆርቆሮውን ተቀብሏቸዋል። ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ የማይገኝ ሰው ዕቃ ተሸክመህ ልትዞር ነው ብዬ ጮኽኩበት። «ካላገኘሁት እመልስላቸዋለሁ» አለኝና ሻንጣውን እንደገና ማሰናዳት ጀመረ።

በጥቅምት ተሳፈረ። ናይሮቢ አንድ ሳምንት ነበር የሚቆየው፤ በደብተሩ እንደዚያ ነው የተጻፈው። አንድ ሳምንት አልፎ ሲደውል ገና በርበሬውን ነው ያደረሰው። የበርበሬው ባለቤት ቤቱ አስገብቶ አልለቅም ብሎታል። ከዚያ ቅቤው የተላከላት ልጅ ተቀበለችው፤ እሷም አምስት ቀን አቆየችው። ከልጆቿ ጋር ትምህርት ቤት እየሄደ፣ የመምህራኑን ሻይ እየጠጣ፣ ሰሌዳቸውን እያየ ሰነበተ። በየስልኩ የሚነግረኝ የሰው ወሬ ነው። እገሊት ዳቦ እንዴት እንደምትጋግር፣ እገሌ ወደ ሥራ ሲሄድ የት እንደሚሳፈር፣ እሱ ስዋሂሊ ሲናገር ገበያው እንዴት እንደሚስቅበት። ድምፁ የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኗል። ደስ ይለኛል፤ ደግሞ እናደዳለሁ።

«ባሕሩስ?» እለዋለሁ።

«እደርሳለሁ።»

ቤታችን ግድግዳ ላይ ትልቅ የአፍሪካ ካርታ አለ፤ እሱ ነው የሰቀለው። ሲደውል ካርታው ፊት ቆሜ ነው የማዋራው። አምስተኛው ሳምንት ላይ ዕቃው ሁሉ ለየባለቤቱ ደርሶ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ቀረ። እኔም አሁን ተገላገለ፣ ወደ ሞምባሳ ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በየገባበት ቤት ስለ ጋሩማ ሲጠይቅ ነው የከረመው፤ አንድ የነቀምቴ ልጅ፣ ጋሩማ ወደ ካምፓላ ከሄደ ቆየ ብሎ ነገረው። ካርታውን አየሁት። ባሕሩ በቀኝ በኩል ነው፤ ካምፓላ በግራ።

«እንዳትሄድ» አልኩት።

«ነገ ጠዋት እሳፈራለሁ።»

«ሞሲሳ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያወራህልኝ ባሕር በዚያ በኩል ነው። ጩኮውን ብላውና ባሕርህን እይ። ለአዴ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

ካርታው ላይ በጣቴ ሞምባሳን ነካሁ። «አደራ ነው አስኩ» አለኝ ቀስ ብሎ። ስልኩን ዘጋሁበት፤ ሦስት ቀንም አላነሳሁለትም። በየማለዳው አዴ ኢቢሴ በአጥሩ በኩል «በርሲሳ ደወለ ወይ?» ይሉኛል። ደውሏል እላቸዋለሁ። ከዚያ በላይ አይጠይቁም፤ እኔም አልጨምርም፤ ቀኑን ሙሉ ግን መሥሪያ ቤት ሰው ላይ ስጮህ እውላለሁ።

ካምፓላም ቢሆን ወዲያው አልተገኘም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ገበያ ለገበያ ሲዞር ከረመ። ከተማው ዳር ያለውን ሐይቅ አይቶ ደወለልኝ፤ ወዲያ ማዶው አይታይም፣ ባሕር ይመስላል አለኝ። «ሐይቅ ነው» አልኩት፤ «ጨው የለውም፣ አንተ ነህ ያስተማርከኝ።» ሳቀ። በማግስቱ ሲደውል ጋሩማን አግኝቶታል።

ጋሩማ መንገድ ዳር ኦቾሎኒ እየቆላ በወረቀት ጠቅልሎ ይሸጣል። ሞሲሳን ሲያየው መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ኋላ ክፍሉ ወስዶት ቆርቆሮውን ከፍቶ አሸተተና መልሶ ከደነው። «አላገኘሁትም በላት» አለው። «ከእናቴ ቆሎ ሸሽቼ ወጥቼ እዚህ ኦቾሎኒ ስቆላ ነው ያገኘኸኝ። ያ ሁሉ ሰው ሸኝቶኝ፣ ያ ሁሉ ተጸልዮልኝ፣ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልግባ?» ሞሲሳ ይህን ሲነግረኝ አለቀስኩ። ያም ሆኖ ቁጣዬን አልተውኩም።

«አገኘኸው፣ ጩኮውን ሰጠኸው፤ አሁን ሂድ» አልኩት። «ከዚያ ባሕሩ ድረስ በአውቶቡስ ስንት ቀን ነው?»

«አንድ ቀን ተኩል።»

«ታዲያ?»

«እኔ ከሄድኩ ልጁ ሰፈር ይቀይራል። ዳግመኛ ማን ያገኘዋል?»

የቀረውን ጊዜ እዚያው ጨረሰው። ጋሩማ ክፍል ውስጥ አንድ ፍራሽ እየተጋፉ ተኙ፣ ጩኮውን አብረው በሉት፣ ጠዋት ጠዋት እሱም ተቀምጦ ወረቀት ይጠቀልልለት ነበር። አንድም ቀን ና ወደ አገርህ ብሎ አልመከረውም አሉ። ሰው ሁለት ድንበር ተሻግሮ ሄዶ ወረቀት ይጠቀልላል? ይኼ ነው እንግዲህ ሃያ ስድስት ዓመት የተሰናዳንበት ጉዞ። ፈቃዱ አለቀ፤ ባሕሩ ቀረ።

በየካቲት ቅዳሜ ጠዋት ገባ። ከስቷል፤ ጭኑ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ሻንጣና ያቺን ቆርቆሮ ይዟል። ቆርቆሮዋን ሳነሳት ከበደችኝ። ምንድን ነው ስለው ነገረኝ። ሊለያዩ ሲሉ ጋሩማን እንዲህ ብሎታል፤ «እሺ፣ አገኘሁትም አልልም። ቆርቆሮው ግን የእናትህ ነው፣ እመልስላቸዋለሁ። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አልመልስም።» ጋሩማ ወለጋ ያደገ ልጅ ነው፤ ጎረቤት በዕቃ የላከለትን በልቶ ዕቃውን ባዶ መመለስ ነውር እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም። በማግስቱ የዕለቱን ኦቾሎኒ ሳይሸጥ ቆርቆሮው ውስጥ ሞላው።

አዴ ኢቢሴ የበሩን ድምፅ ሰምተው ነው መሰለኝ ሳንጠራቸው መጡ። ሞሲሳን ሁለቱን ጉንጩን ሳሙት። እሱ አገኘሁትም አላገኘሁትም አላለም፤ ቆርቆሮውን እጃቸው ላይ አስቀመጠው። ክብደቱን ሲያውቁት ዓይናቸው ተለወጠ። ተቀምጠው ከፈቱት፣ አንድ ፍሬ አንስተው በጣታቸው አሽተው፣ ገለባውን እፍ ብለው ቀመሱት። ቀስ ብለው አኘኩት።

«አሳርሮታል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ደውይልኝ» አሉኝ።

ሞሲሳ ቁጥሩን ሰጠኝ። ጋሩማ ለመምህሩ ቁጥሩን ሲሰጥ ለእናቴ አትስጣት አላለውም ነበር። ደወልኩና ሲነሳ ስልኩን ለአዴ ሰጠኋቸው። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፤ ድምፁም ክፍት ስለነበረ ሁላችንም ሰምተናል።

«ጋሩማ» አሉት፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሳይሆን ትናንት የተለዩት ይመስል። «ኦቾሎኒው አርሯል። እሳት ታበዛለህ። እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?»

ከወዲያ በኩል ልጁ «እማዬ» አለ። ቀጥሎም «ልምጣ ብል እኮ ባዶ እጄን ነኝ» አለ።

«ቆርቆሮዬን ሞልተህ መልሰህልኛል» አሉት። «ና።»

እኔ ጓዳ ገባሁ። እንባዬን ሞሲሳ እንዲያይብኝ አልፈለግሁም፤ አራት ወር ሙሉ ሲመለስ የምቆጣውን ቁጣ ቃል በቃል አሰናድቼ ጠብቄው ነበር፣ አንዷም ቃል አልወጣ አለችኝ። ሰኞ ክፍሉ ገብቶ ሰሌዳው ላይ ያንኑ የሕንድ ውቅያኖስ ሳለ። አንዱ ተማሪ አዩት ወይ ቢለው «እኔም እንደናንተ በመጽሐፍ ነው የማውቀው» አለ አሉ።

ጋሩማ ከፋሲካ በኋላ ገባ። መናኸሪያ የተቀበልነው ሦስታችን ብቻ ነን፤ አዴ ለማንም አልተናገሩም። ከአውቶቡሱ ሲወርድ የያዘው ጭን ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ነበር። ሞሲሳ ሻንጣዋን አይቶ፣ እኔን አይቶ ፈገግ አለ። ባሕሩን እስከ ዛሬ አላየም፤ ለሚመጣው ዓመት ፈቃድ የጠየቅሁለት እኔ ነኝ፣ አብሬውም የምሄደው እኔ ነኝ፣ እሁድ እሁድም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብድግ እንዳይል አጠገቡ ተቀምጬ ኮቱን ይዤዋለሁ።