ግማሽ ሰላምታ የመለስኩበት ሰፈር

የስደት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚወጣው በሌሊት ነው። እኔ የወጣሁት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፓስፖርቴን ይዤ፣ የሰፈሩ ሰው በየበሩ ቆሞ እያየኝ ነው። ይህን የማስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ጊዜ በቀን ብርሃን፣ በቦሌ በኩል የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ሳያደርግ አይወጣም ይባል ነበር። እኔ ምን እንዳደረግሁ ጉለሌ የቀረው ሰው በየፊናው ተርጉሞ ሲያወራው ኖሯል። አሁን አርጅቻለሁ፤ እስቲ እኔም ላውራው።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ ከሸማኔዎቹ ጎን ነበር። እኔና ታላቅ እህቴ አስቴር ጴንጤ ነበርን። ጎረቤቶቻችን ድሮም «ጸረ ማርያም» ይሉን ነበር፤ ደርግ ሲመጣ ደግሞ «መጤ ሃይማኖት» ተባልን። ጸሎት ቤታችን ታሸገ። በሰው ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ ተያዝንና አሥራ አንድ ሆነን ቀበሌ ታሰርን።

በአራተኛው ቀን ሊቀ መንበሩ ብቻዬን አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር።

«ሃይማኖቱን ትቻለሁ ብለሽ ፈርሚና ወደ ሥራሽ ሂጂ፣ እህቴ። ልብሽን ከፍቶ የሚያይ የለ! ቃል ብቻ እኮ ነው።»

ፈረምኩ። አስቴር አልፈረመችም። ሰባት ወር ተቀመጠች። የአስተማሪነት ሥራዋ ሄደ፣ እጮኛዋም ሄደ። ሰባት ወር ሙሉ ስንቅ ያመላለስኩላት እኔ ነበርኩ፤ የተፈታች ዕለት ግን በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት አልፋኝ ከጸሎት ጓደኞቿ ጋር ሄደች። ከዚያ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ዓመት ስንኖር «እራት ደርሷል» ከምትለኝ በቀር ቃል አልሰጠችኝም። ለሌላው ሁሉ ግን አውርታለች። «ጌታዋን የካደችው» ብለው ስም ካወጡልኝ፣ አብረውን ከታሰሩት መካከል ሁለቱ እኔ በፈረምኩ ማግስት መፈረማቸውን አውቃለሁ። ስማቸውን አልጽፍም። ካነበቡት ራሳቸውን ያውቃሉ።

ጳውሎስ አካባቢ ነርስ ነበርኩ። በድርቁ ጊዜ ሰሜን ሄጄ መጠለያ ውስጥ አብራኝ የሠራች አንዲት አየርላንዳዊት መነኩሴ፣ በእነሱ አገር ሆስፒታል የሥልጠና ቦታ አገኘችልኝ። መውጫ ቪዛ ለማግኘት የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ ቀበሌም ፊርማዬ ስላለው ሳያንገራግር ጻፈልኝ። ሐሜቱ እዚህ ላይ እውነት ነው። የወጣሁ ቀን አስቴር ክፍሏን ከውስጥ ዘግታ ነበር። አንኳኩቼ «ሄድኩ» አልኳት። ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቤልፋስት ስደርስ ዝናብ ነበር። የእንጦጦ ሥር ሐምሌን አስቡት፤ መስከረም የማይጠባበት ሐምሌ። መነኩሴዋ ያስገባችኝ ፎልስ ሮድ የሚባል ሰፈር፣ ኖራ ከምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው። ቀይ የሸክላ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመዋል፤ የመንገዱ ስም በእንግሊዝኛና በአየርላንድ ቋንቋ ተጽፏል፤ ጥጉ ላይ የእንግሊዝ ወታደር ጠመንጃ ይዞ በርከክ ብሏል። ግድግዳው ላይ ቤት የሚያህሉ የሰው ፊቶች ተሥለዋል። እኔ እንዲህ ያለ ሥዕል የማውቀው አብዮት አደባባይ ነው፤ ስለዚህ የመንግሥት መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

«መንግሥትማ ቢችል ነጭ ቀለም ቀብቶ ያጠፋው ነበር፣» አለች ኖራ። «እነዚህ እስር ቤት ምግብ አንበላም ብለው የሞቱ ልጆቻችን ናቸው።»

እኔ የመጣሁት እህል አጥቶ የሚሞት ሰው ስቆጥር ከከረምኩበት ነው።

ወታደር ያስቆመኝ እንደሆነ ሳልጠየቅ ቦርሳዬን ከፍቼ እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ። ኖራ ትቆጣኛለች፦ «እስኪጠይቁሽ ጠብቂ እንጂ! ሥራቸውን ለምን ታቀልዪላቸዋለሽ?» ማታ ማታ ደግሞ የተቀቀለ ድንች፣ በጎኑ የተጠበሰ ድንች፣ ከላዩ የተፈጨ ድንች ትቆልልልኛለች። ጉለሌ ሆኜ ተርቤ አላውቅም ብላት «አገርሽን በቴሌቪዥን አይቻለሁ፣ ብዪ» አለችኝ። በርበሬ የሚባል ነገር በሕልማቸው አያውቁም።

ወንድሟ ሾን በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሻይ ይመጣል። ስድሳ ያለፈው፣ ቆቡን የማያወልቅ ሰው ነው። የዚያ ሰፈር ሰው ካቶሊክ ነው፤ ከእንግሊዝ ጋር የቆሙ ፕሮቴስታንቶች ከዓመታት በፊት ቤቱን አቃጥለውበታል። ሐሙስ ሐሙስ ክበብ ሄዶ የአየርላንድ ቋንቋ ይማራል፤ አያቶቹ ይናገሩት የነበረውን ቋንቋ በዚያ ዕድሜው እንደ ፊደል ቆጣሪ ከደብተር ያነባል። እዚያ ሰፈር ቋንቋውን እስር ቤት ያልተማረው በዘፈን ይማረዋል። ሰላምታውን አስተማረኝ። እሱ «ጂያ ዲች» ሲል፣ እኔ «ጂያስ ሙራ ዲች» እመልሳለሁ። ሁለት ሳምንት እንደ በቀቀን ደገምኩት። ሥጋ ሻጩ ሳይቀር አቅፎ ሊስመኝ ደረሰ።

አንድ ቀን «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እኔ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን ነው የምልሽ። አንቺ ስትመልሺ እግዚአብሔርና ማርያም ካንተ ጋር ይሁኑ ትያለሽ።»

ሽሮ ሜዳ የተውኩት ነገር ቤልፋስት ቀድሞኝ ገብቶ ጠበቀኝ። ማርያምን ጠልቼ አላውቅም፤ ነገር ግን እኛ ቤት እንዲህ አይባልም። ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። በማግስቱ ግን ሾን ገብቶ «ጂያ ዲች» ሲለኝ «ጂያ ዲች» ብቻ አልኩ።

«ግማሹን ረሳሽው።»

«አልረሳሁትም።»

«ታዲያ?»

«እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ።»

ኖራ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በእነሱ አነጋገር «ጥቁር ፕሮቴስታንት» ማለት የለየለት፣ ካቶሊክን ዓይኑን ማየት የማይፈልግ ማለት ነው አሉ። «በቤቴ አንዷን አስቀምጬ ድንች አበላለሁ!» አለች። ሾን አልሳቀም።

«እዚያ አገራችሁ እናንተ የምታስሩት ናችሁ ወይስ የምትታሰሩት?»

«የምንታሰረው።»

«ጸሎት ቤታችሁን ማን ዘጋው?»

«መንግሥት።»

«እንግዲያው ካቶሊክ ናችሁ፤ ስሙን ተሳስታችሁ ነው።» ቀልድ አልነበረም፤ ከልቡ ሊያድነኝ ፈልጎ ነው። «ስሚ፣ ሰው ሲጠይቅሽ ካቶሊክ ነኝ በይና ይለቅ። ማን ልብሽን ከፍቶ ያያል? ቃል ነው።»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቃል እንደሆነ በምን ያውቃል!

«አልልም፣» አልኩት።

«ለኔ ስትይስ? ቤቴን ነው ያቃጠሉት።»

«አዝናለሁ። አልልም።»

ቆቡን አስተካክሎ ወጣ። ጀግንነት አድርጋችሁ አትውሰዱት። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ጌታን አልነበረም። አስቴር ብትሰማኝ ብዬ ነበር።

ሾን ሦስት ቀን ለሻይ ሳይመጣ ቀረ። በአራተኛው ቀን ኖራ ወደ ክፍሌ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። እሱም ያለው ይህ ማድ ቤት ብቻ ነው።»

«ገብቶኛል፣» አልኳት።

«ባይገባሽ ይሻለኝ ነበር፣» አለች።

ሆስፒታሉ አጠገብ፣ የካቶሊክም የፕሮቴስታንትም ያልሆነ ሰፈር ውስጥ፣ ሌላ ክፍል የፈለገችልኝ ራሷ ናት። ሻንጣዬን በአውቶቡስ ይዛልኝ ሄደች፣ አለቀሰች፣ አንድ ከረጢት ድንች ሰጥታኝ ተመለሰች።

የዚያኑ ሳምንት ለአስቴር ጻፍኩ። ጳውሎስ አካባቢ የምናውቀው ሰው መድኃኒት ቤት ስልክ ስላለው፣ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ እንድትጠብቀኝ ለመንኳት። ሁለት ቅዳሜ ደውዬ የለችም አሉኝ። በሦስተኛው ስልኩን እሷ አነሳችው።

«አቤት፣» አለች።

መስመሩ ሳይቆረጥ ብዬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ሰላምታውን፣ ማርያምን፣ ሾንን፣ አልልም ማለቴን፣ ከቤት መውጣቴን። ስጨርስ ከኋላዋ አንድ ሰው የሳል መድኃኒት ይጠይቃል።

«ክፍሉን ብቻ ነው የወሰዱብሽ?» አለች።

«ክፍሉን ብቻ።»

«ሌላ አገኘሽ?»

«አገኘሁ።»

«ጥሩ። ስልኩ የሰው ነው፤ ሰው እየጠበቀ ነው፣» አለች።

ግን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም። መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ ትንፋሿንና ከውጭ የሚሰማውን የውይይት ታክሲ ክላክስ አዳመጥኩ።